የቸርችሏ አህያ

ተረት ተረት። የላም በረት።

አንዲት አህያ ነበረች። ሥራዋ ዳውላ ሙሉ ዘር ተሸክማ ከለገሃር መነሳት፣ ቸርችልን ሽቅብ መውጣትና ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ማራገፍ ነው። ዘሩ የአገር ነው፤ ድሃውም ባለጸጋውም እፍኝ እፍኙን አዋጥቶበታል። ቸርችልን በመኪና ለሚያልፈው ዳገትነቱ አይታወቀውም፤ ሸክም ይዞ የወጣ ግን በጉልበቱ ያውቀዋል።

ገመዷን መጀመሪያ የያዘው የለገሃሩ አንበሳ ነው። አንበሳው ዘሩን ይወድ ነበር፤ ለማንም ሳያምን ራሱ ይጠብቀው፣ ራሱ ይቆጥረው ነበር። እየዋለ ሲያድር ግን ዘሩ በዛበት። «አብዛኛው ዘር አራት እርምጃ ከሄደ ይበቃዋል፣ ይውረድ» የሚል ምክር ከአማካሪዎቹ መጣለት። አህያዋ ይህን ስትሰማ አራት እግሯን ተክላ ቆመች። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት «ሴክተር ሪቪውን» ተቃውመው ሥራ ያቆሙትን የሚያስታውስ፣ ያን አቋቋም ያውቀዋል።

ትግላችን ሐውልት ጋ ሲደርሱ ቀዩ ኮከብ ወርዶ ገመዱን ነጠቀ። «ያስራባት አንበሳው ነው» አለ። አህያዋን ከመንገዷ አውጥቶ በየገጠሩ ነዳት። እውነቱ ይነገር፦ ፊደል ደርሶበት በማያውቅ መንደር ዘር ወደቀ፣ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። ግን ኮከቡ የዳውላውን ሆድ ከፍቶ የራሱን መፈክር ጠቀጠቀበት፤ በመንገድ ላይ ያጉረመረመም ብዙው ወደ ቤቱ አልተመለሰም።

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ንቧ መጣች። «ያጎበጣት ኮከቡ ነው» አለች። በ1986 ዓ.ም. ዳውላውን በየቋንቋው በትናንሽ ስልቻ ከፋፈለችው። ልጅ በእናቱ አፍ መማሩ መልካም ነው፤ በዚህ ንቧን አልወቅሳትም። ስልቻውም በዛ፣ ዘር ያልደረሰበት ጓዳ አነሰ። የምወቅሳት በመስተዋቱ ነው። አህያዋ አንገት ላይ የሚናገር መስተዋት አንጠለጠለች፤ ከአንድ ቦታ ሆኖ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ደቂቃ አንድ ነገር የሚናገር። መንገዱን የምታውቀው አህያ ዝም በይ ተባለች። ልጁ ጥያቄ ሲኖረው መስተዋቱ አይሰማውም፤ ፕላዝማ ፊት የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ማዘጋጃ ቤቱ አፋፍ ላይ አምፖሉ በራ። ገመዱን ተረከበ፤ ዳውላውን አስፈታ፤ ብርሃኑን አበራበት። ከመቶው ዘር የበቀለው ሦስት ብቻ ነበር።

ይህ ከተረት የመጣ ቁጥር አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሲፈተኑ፣ ከ896,520ው መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው። በቀጣዩ ዙር 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። አምፖሉ የተሸፈነውን ገልጧል፤ ስርቆትና ኩረጃ ለዓመታት የደበቀውን ነው ያሳየው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ግን ምን ሆነ? አራቱም ሸንጎ ተቀመጡ።

አምፖሉ «እኔ አበራሁ እንጂ አላበላሸሁም፣ የበሰበሰው በንቧ እጅ ነው» አለ። ንቧ ኮከቡን ከሰሰች። ኮከቡ አንበሳውን። አንበሳው ድንጋይ ሆኖ ዝም አለ። እርስ በርስ መካሰሱ ሲያደክማቸው አንዱ ዱላ አነሳና ዳውላውን መታው፦ «ዘሩ ሰነፍ ነው!» ሌላው አህያዋን መታ፦ «አህያዋ ብቃት የላትም፣ ትመዘን!» የእኛ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላል። እዚህ ግን አህያዋንም ዳውላውንም የፈራ የለም። የተፈራው ገመዱን የያዘው ክንድ ነው። ዱላው ወደዚያ ክንድ ዞሮ አያውቅም።

አህያዋ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አሳየቻቸው። ገመዱ የበላት ቁስል አራት ቦታ ጠባሳ ሠርቶ ነበር፤ ሦስቱ ደርቀዋል፣ አንዱ ገና እርጥብ ነው። ማንም አላየም። ለቀጣዩ ጉዞ የሚሰጣትን አዲስ መመሪያ እያረቀቁ ነበር።

በዚህ መሀል የክረምቱ ዝናብ ጣለ። አዲስ አበባ ሲዘንብ ቸርችል ወንዝ ነው። ጎርፉ ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ተነስቶ፣ የፈሰሰውን ዘር፣ ዘጠና ሰባቱን፣ ከፊቱ አድርጎ ቁልቁል መግፋት ጀመረ። ሸንጎው ከዝናቡ ሸሽቶ ከበረንዳው ሥር ገባ፤ ክርክሩ ግን አልቆመም።

አህያዋ ገመዷን ጎተተች። የያዘው እጅ በንግግር ተጠምዶ ነበርና ላላላት። ገመዱን መሬት ለመሬት እያስጎተተች ወረደች፤ ዘሩን ቀደመችው፤ ጎርፉ በሚያልፍበት አስፋልት ላይ በጎኗ ተጋደመች። ውሃው በጀርባዋ ዘለለ፣ በእግሮቿ መሀል ሾለከ። ዘሩ ግን እያንዳንዱ እየመጣ ሆዷ ሥር ተጠጋ።