ርስተ ደመወዝ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ በታወጀ ጊዜ የመንዝ ባለርስት ዐፅመ ርስቱን አጣ ብለው የሚያስተምሩ መምህራነ ታሪክ ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን መሐል ሜዳ ከተማ ተቀምጠን ነገሩን በዓይናችን የምናይ ሰዎች፥ ርስት ከመሬት ወደ ሰው ተዛወረ እንጂ ከቶ እንዳልተሻረ እንመሰክራለን።

በቀድሞው ሥርዓት ሰው በአባቱም በእናቱም ወገን እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ወጥቶ፥ ከማማ ወይም ከላሎ ወይም ከጌራ መወለዱን በምስክር ካስረዳ ድርሻዬ ይሰጠኝ ብሎ ይሟገት ነበር። ዛሬም ቆጠራው ያው ነው፤ ብቻ ሐረገ ትውልዱ ወጥቶ ወርዶ የሚያርፈው የመጀመሪያ ደመወዙን በተቀበለ ወጣት መምህር ደጃፍ ላይ ነው። በሰባት ቤት የሚገናኝ ዘመድ ለጋብቻ እጅግ ቅርብ ነው ተብሎ ይከለከላል፤ ለብድርም እንዲሁ እጅግ ቅርብ ነው፤ የተበደረውን መልስ በተባለ ዕለት ግን ዝምድናው በአንድ ሌሊት ከሰባት ቤት ያልፋል።

በገበያ ቀን አክስት ይመጣሉ። ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ማለት የእንግዳ ወግ ነው፤ እርሳቸው ባለርስት ናቸውና ቀጥ ብለው ይገባሉ፥ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ የድስቱን ክዳን አንሥተው የወጡን መቅጠን ይታዘባሉ፥ ቀጥለውም ከተዳረች ዓመት ያልሞላትን ሙሽራ ሆዷን ትክ ብለው አይተው፥ «ምነው ልጄ፥ ዝም አላችሁሳ? ጠበል አልሞከራችሁም?» ይላሉ። ባል አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፥ ይህ እንኳ የእኛ የሁለታችን ጉዳይ ነበር» ቢል፥ «የሁለታችን? ወንድሜ አንተን የወለደህ ለሁለታችሁ ነው?» የሚል ፍርድ ይሰማል፤ ይግባኝ የለውም። እርግጥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወት ይከበር ብሏል፤ ነገር ግን አርቃቂዎቹ እንዲያከብሩ ያስገደዷቸው የመንግሥት ባለሥልጣኖችን ነው፤ የአባት እኅት ሥልጣን ከየት እንደሚመነጭ ሳይመረምሩ ቀሩ። አሜሪካዊው ሊቅ ዶናልድ ሌቪንም መንዝ ድረስ መጥቶ አጥንቶ፥ «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ የአማራን ግለኝነት አስፍቶ ጽፏል። አንወቅሰውም፤ መንዝ ውስጥ አክስት አልነበረችውም።

በልቅሶና በሕመም ቀን ከቤተ ዘመድ በቀር ማን አለን? ይህን የሚክድ ሰው በራሱ ቀን ያየዋል። ሆኖም ቃሬዛ የተሸከመ ትከሻ የድስት ክዳን የማንሣት መብት ያገኛል የሚል ሥርዓት በየትኛውም መጽሐፍ አላገኘንም።

አበው ድንበር አያውቁም ነበር እንዳይባል ደግሞ ጓሳ አለ። በዚያ የመንዝ ደጋ፥ ቄሮ በሚባለው ጥንታዊ ሥርዓት፥ ባለርስቶቹ አለቃ መርጠው ሣሩን ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሳይደርስ ከብት ያስገባ ወይም ማጭድ ያነሣ ሰው ይቀጣ ነበር። ሣር እንኳ ያገግም ዘንድ ለብቻው የሚተውበት ዘመን እንደሚያሻው የተረዱ ሰዎች ልጆች፥ የወንድም ልጅ ግን ዓመት ሙሉ፥ ጾም ፍስክ ሳይሉ፥ ይጋጣል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ጓሳ እስከ ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያኖራል፤ የመምህሩ ደመወዝ ግን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን አይጥ እንኳ የማይሰማራበት ምድረ በዳ ነው። ባሕር ማዶ ተሻግሮ ዋሽንግተን የገባውማ፥ ስልኩ በእኩለ ሌሊት ሲጮኽ የማን ሠርግ እንደሆነ ሳይጠይቅ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል።

እንግዲህ ክቡራንና ክቡራት የሥጋ ዘመዶቻችን ሆይ፥ ለሰው ልጅ የሚገባውን ያህል ክብር ስጡን ብለን አናስቸግራችሁም፤ ለሣር የተሰጠው ይበቃናል። ደጅ ላይ ድምፅ አሰሙ፤ ድስቱን ለባለቤቱ፥ ማሕፀኑንም ለፈጣሪና ለባለትዳሮቹ ተዉ፤ ብድሩንም እስከ ፋሲካ መልሱልን።