ይህ ቃል ባለቤት አለው

አሜሪካ የሚኖር፣ የድሮ ሬዲዮ መጠገን የሚወድ አንድ ሰው እናስብ። ቀን ሌላ ሥራ አለው። ማታ ግን ምድር ቤት ወርዶ ድምፁ የጠፋ ሬዲዮ ይፈታል፣ ይበይዳል፣ መልሶ ይገጥማል። ያወቀውን ለመሰሎቹ ለማካፈል ድረ ገጽ ከፈተና «የድሮ ሬዲዮ» አለው። ሸጋ ስም ነው። ገጹ ስለ ምን እንደሚያወራ የሚጠይቅ የለም፤ ሁለቱን ቃላት ጉግል ላይ የጻፈ ሁሉ ደጃፉ ላይ ይደርሳል። ስሙን የመረጠውም ሰው ሁሉ ስለሚያውቀውና ስለሚጠቀምበት ነው። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ሌላ የሬዲዮ ወዳጅ «የድሮ ሬዲዮ ገበያ» የሚል ገጽ መክፈቱን አየና ደሙ ፈላ። ሰው ሁሉ ስለሚጠቀምበት የመረጠውን ቃል፣ ሰው ሲጠቀምበት አገኘው!

እንዲህ ያለ ግፍ የደረሰበት ሰው አይዞህ ባይ ያሻዋል። እኔ አለሁ። ጌታው፣ ዝም አይበሉ፤ ያስመዝግቡት። «የድሮ ሬዲዮ» የንግድ ምልክትዎ ይሁን። ከእንግዲህ የአያቱን ሬዲዮ ከቆጥ ያወረደ ሁሉ ስለ ዕቃው ለማውራት ሌላ ቃል ይፈልግ። «ቀደም ባለው ጊዜ የተሠራ ድምፅ መቀበያ» ቢል ማን ከለከለው?

መንገዱ ትንሽ ኮረኮንች አለው፤ አልደብቅዎትም። በ1946 የወጣው የአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ከመግለጽ ያላለፈ ስም እንዲሁ በዋናው መዝገብ ላይ አይሰፍርም ይላል። ኒውዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1976 ስሞችን በማዕረግ ደረደራቸው። ከሁሉ በታች የወል ስም፣ ከእሱ ከፍ ብሎ ገላጭ ስም፣ ከዚያ ነገሩን በፍንጭ የሚጠቁም፣ ከዚያ እንደ አፕል ከኮምፒውተር ጋር ምንም የማያገናኘው፣ ከሁሉ በላይ እንደ ኮዳክ ከባዶ የተፈጠረ። ለዚህ ሁሉ ፍልስፍና መነሻ የሆነው ክርክር መጥቀስ ይገባዋል፤ አበርክሮምቢ ኤንድ ፊች የተባለው ነጋዴ «ሳፋሪ» የሚለውን ቃል ለልብስና ለጫማ ከእኔ በቀር ማንም አይንካው ብሎ ሌላውን ነጋዴ ከሶ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ ለሳፋሪ ባለቤት ማፈላለጓን ማንም አልነገራትም እንጂ ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

«የድሮ ሬዲዮ» በዚህ መሰላል የት እንደሚቆም ለመገመት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ግን ተስፋ አይቁረጡ። ሕጉ ለወደቁት የሚራራበት ጓዳ አለው፤ ተጨማሪ መዝገብ ይባላል። ዋናው መዝገብ አልቀበልም ያለው ገላጭ ስም፣ አንድ ቀን ሰው ይለየው ይሆናል ተብሎ እዚያ ይቀመጣል። በክብ የታጠረችውን የ«አር» ፊደል ከስምዎ ጎን መለጠፍም ይፈቀድልዎታል። የስሙ ባለቤት እርስዎ ነዎት ብሎ ፍርድ ቤት በቅድሚያ እንዲገምት አያደርግም፤ ዋናው መዝገብ የሚሰጠው ጥቅም አብዛኛው እዚያ የለም። ግን ፊደሏ አለች። ድረ ገጹን የሚያየው ሰው ደግሞ ፊደሏ ከየትኛው ጓዳ እንደወጣች በምን ያውቃል?

ከዚህ የበለጠ የምወደው መንገድ አለ። ሬዲዮ ላይ ቆማ የምትጮህ ዶሮ ያስሥሉ፤ ከሥሯ «የድሮ ሬዲዮ» ብለው ይጻፉና ሁሉንም ባንድ ላይ ያመልክቱ። የአሜሪካ የንግድ ምልክት ቢሮ መርማሪ አንዲት መስመር እንዲጨምሩ ይጠይቅዎታል። ትርጉሟ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከሥዕሉ ተነጥሎ «የድሮ ሬዲዮ» የሚለውን የመጠቀም ብቸኛ መብት አለኝ አልልም። እርስዎም እሺ ይላሉ። የምስክር ወረቀቱ ይመጣል፤ ስምዎ አለበት፣ ቁጥር አለው፣ ያምራል። በፍሬም አድርገው ይሰቅሉታል። የእርስዎ የሆነችው ግን ዶሮዋ ናት። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሉ፣ እዚህ ቢያንስ ዶሮዋ በወረቀት አለች።

ይሄ ለእኔ አይመጥንም፣ ቃሉን ራሱን ነው የምፈልገው ካሉ ደግሞ ሦስተኛ በር አለ። ስምዎ በብዙ አጠቃቀም «መለያነት አግኝቷል» ማለትም ሕዝቡ ሲሰማው ዕቃውን ሳይሆን እርስዎን ያስባል ብለው ማሳመን ነው። ለአምስት ዓመት ያህል ያለማቋረጥና ከሞላ ጎደል ብቻዬን ተጠቅሜበታለሁ ብሎ መማል አንዳንዴ ይበቃል። ነገሩን እጅግ አብዝቶ ለሚገልጽ ስም ግን ማስታወቂያ፣ የሽያጭ መዝገብ፣ የሕዝብ ጥናት ሊጠየቅ ይችላል። የሆቴል ማስያዣው ቡኪንግ ዶት ኮም በዚህ መንገድ ሄዶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ጉዳዩ በግንቦት 2020 የተሰማው በወረርሽኙ ምክንያት በስልክ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታሪኩ ክርክር በስልክ ሲያዳምጥ የመጀመሪያው ይኸው ሆነ። ኩባንያው ባቀረበው ጥናት ከተጠየቁት 74.8 በመቶው ስሙን እንደ አንድ ድርጅት መለያ አውቀውታል። ዳኞቹ 8 ለ 1 ፈረዱለት፤ ውሳኔውን የጻፉት ሩት ባደር ጊንስበርግ ነበሩ። ስቲቨን ብሬየር ብቻቸውን ተቃወሙ። የኢንተርኔት አድራሻ እንደሆነ በባሕሪው የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ያንኑ አድራሻ ሊይዝ አይችልም፤ ታዲያ ተጨማሪ አጥር ለምን? የሚል ነበር ሐሳባቸው። የድሮ ሰው ናቸው፤ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ ድል ውስጥ የማልረሳት አንዲት ቁራጭ አለች። ኩባንያው እዚያው ክርክር ላይ ምልክቱ «ደካማ» እንደሚሆን፣ በቅርብ የሚመስሉ ስሞችን ማስቆም እንደሚከብደው ራሱ አምኗል። ስሙን ለማግኘት ዓመታት ተሟገተ፤ ለማግኘት ሲል ደግሞ ብዙም እንደማይጠቅመው መሰከረ። ይህን የሚያደርገው ዓለም አቀፍ ኩባንያ ከሆነ፣ ሬዲዮ በያጁ ምን ይበል?

ብርታት ከፈለጉ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን ይመልከቱ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚያወጣትን «ዘ» የምትባለዋን ቃል በ2019 ለልብስና ለኮፍያ ምልክትነት አመለከተ። ማርክ ጄኮብስ የተባለው የፋሽን ቤት ለዚያችው ቃል ቀድሞ አመልክቶ ተገኘ፤ ሁለቱ ተስማሙ፤ በሰኔ 2022 ዩኒቨርሲቲው የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ። «ዘ» ከተያዘች «የድሮ» ምን አላት!

አሁን ዋናው ደስታ መጣ፤ «ስሜን አትንኩ» የሚለው ደብዳቤ። ሰው የሚያስመዘግበው ለምስክር ወረቀቱ ይመስላችኋል? ለደብዳቤው ነው። ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና ውስጥ በከተማ መሀል በግቢው አትክልት የሚያመርት፣ ዶሮና ፍየል የሚያረባ፣ ውሎውንም በድረ ገጹ የሚያሳይ ቤተሰብ ነበር። ሥራው የሚያስመሰግን ነው፤ ይህን ሳላሽሟጥጥ ነው የምለው። ይህ ከተማ ውስጥ የገበሬ ኑሮ መኖር በእንግሊዝኛ «ኧርባን ሆምስቴዲንግ» ይባላል። ስሙን ያወጣው ቤተሰቡ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በ1974 ባወጣው የቤቶች ሕግ ባለቤት ያጡ የከተማ ቤቶችን ጠግነው ለሚኖሩባቸው ሰዎች የሚያስተላልፍበትን ፕሮግራም በዚሁ ስም ጠርቶታል። በ2008 ደግሞ «ዘ ኧርባን ሆምስቴድ» የሚል መጽሐፍ ወጥቷል። ቤተሰቡ ይህን ሁሉ አልፎ ስሙን አስመዘገበ፤ በ2011 መጀመሪያም ለብሎገሮች፣ ለመጽሐፉ አሳታሚና ለአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ደብዳቤ ላከ። የአንዳንዶች የፌስቡክ ገጽ ብድግ ብሎ ጠፋ። ደብዳቤው ግን ጨዋ ነበር። ስለ ሌሎች ሰዎች ጓሮ ስታወሩ «ዘመናዊ ሆምስቴዲንግ» ወይም ይህን የመሰለ ሌላ የወል አባባል ተጠቀሙ ብሎ ይመክራል። የወሉን ስም የወሰደ ሰው ለወሉ ሌላ ስም እስከማውጣት ድረስ ደግ ሆነ! ነገሩን ያበላሸው እንግዲህ ማመስገን የማያውቅ ሰው ነው። አትክልተኞቹ ተቆጡ፤ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የመብት ተሟጋች ለደራሲዎቹና ለአሳታሚው ቆመ፤ ሙግቱ ዓመታት ፈጅቶ «ኧርባን ሆምስቴድ» ከመዝገብ ተፋቀ። ቲማቲም ሊዘሩበት የሚችሉ ስንት ወቅቶች በዚህ አለፉ።

ዩታ ያለው ባክካንትሪ ዶት ኮምም ከመንገድና ከመንደር ርቀው ተራራ ለሚወጡ ሰዎች ዕቃ ይሸጣል፤ «ባክካንትሪ» ማለት ተራራ ወጪዎች ያንን ሩቅ ቦታ የሚጠሩበት ተራ ቃል ነው። ቃሉን በስማቸው ያስገቡ ትናንሽ ድርጅቶችን ሲያሳድድ ቆየ፤ ሚሺጋን ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ የሚሠራ ትንሽ አምራችንም ከሰሰ። ነገሩ በ2019 መገባደጃ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ተራራ ወጪዎቹ፣ ማለትም ደንበኞቹ፣ ከሱቁ አንገዛም ብለው በሺዎች ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። «ሪአክት» የሚለውን ቃል ለማስመዝገብ የተነሱት የዩቲዩብ ወንድማማቾች ደግሞ በ2016 ተመልካቾቻቸው ጥለዋቸው መሄድ ሲጀምሩ በቀናት ውስጥ እርግፍ አድርገው ተዉት። ከእነዚህ ምን እንማራለን ቢሉኝ፣ እርስዎ ብዙ ደንበኛ ስለሌለዎት የሚያኮርፍብዎት ሰውም ጥቂት ነው። ትንሽ መሆን አንዳንዴ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ገታ ማድረግ አለብኝ፤ ምክንያቱም አንድ አንባቢ ቡናውን አስቀምጦ «እኛስ?» ሊለኝ ነው። እውነቱን ነው። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በዚያው የአሜሪካ ቢሮ ለንግድ ምልክትነት አመልክታለች። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ይርጋጨፌ አለፈ፤ ሲዳሞና ሐረር ግን ለቡና የወል መጠሪያ ሆነዋል፣ ገላጭ ናቸው ተብለው መጀመሪያ ላይ ተመለሱ። ስታርባክስ ደግሞ ከእኛ ቀድሞ፣ «ሲዳሞ» ያለበት የራሱን የቡና ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። በ2007 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ስምምነት ፈረመ፤ የተመለሱት ስሞችም በኋላ ተመዘገቡ። ልዩነቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ሲዳሞን ቡና አብቃዩ ከመዝገበ ቃላት አላነሳውም፤ አገሩ ነው፤ ስሙንም ያስከበረው ገበሬው የለፋበትን ዋጋ ከላይ ከሚበላው ለመጠየቅ ነበር። «የድሮ ሬዲዮ» ግን የማንም አገር አይደለም። ለኦሃዮ «ዘ»ን የፈቀደው ቢሮ ሐረርን «ገላጭ» ማለቱን ሳስብ ግን ሽሙጤ ይመለሳል፤ ይመለስ።

እንግዲህ ጌታው፣ ማመልከቻውን ልንሞላ ነው። የዓለም ዕቃና አገልግሎት በ45 መደቦች ተከፍሏል፤ እርስዎ ለድረ ገጹ አንድ፣ ቲሸርት ካተሙ ሌላ፣ ሬዲዮ ከሸጡ ሦስተኛ ይመርጣሉ። መነሻ ክፍያው ከ2025 ጀምሮ ለአንድ መደብ 350 ዶላር ነው፤ ጠበቃው ዋጋውን ራሱ ይነግርዎታል። ከተመዘገበ በኋላ በአምስተኛውና በስድስተኛው ዓመት መካከል አሁንም እጠቀምበታለሁ የሚል መግለጫ ከክፍያ ጋር ያስገባሉ፤ በየአሥር ዓመቱ ያድሳሉ። በመሀሉ ዓለምን መጠበቅ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ቢሮው መዝጋቢ እንጂ ዘበኛ አይደለም። ማታ ማታ ለሬዲዮ የነበረው ሰዓት «የድሮ ሬዲዮ» ያለ ሰው ፍለጋ ይውላል። ጎን ለጎን የምትለጠፈዋን ትንሿን የ«ቲኤም» ምልክት ግን ማንም ሳያስመዘግብ፣ ሳይከፍል፣ ዛሬውኑ ሊጠቀምባት ይችላል። ነጻ ስለሆነች አልመክርዎትም፤ ክብር የላትም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ ቃለ መሐላ አለ። ልብ ብለው ያንብቡት። እኔ እስከማውቀውና እስከማምነው ድረስ፣ ይህን ስም ወይም ሊያደናግር የሚችል ቅርብ ስም በንግድ የመጠቀም መብት ያለው ሌላ ሰው የለም ይላል። በሐሰት መፈረም በሕግ ያስቀጣል የሚል ማስጠንቀቂያም አብሮት አለ። በአሜሪካ ምድር ላይ ለገንዘብ ሲሉ «የድሮ ሬዲዮ» የማለት መብት ያለው ሰው ከእርስዎ በቀር የለም ብለው ማመን አለብዎት። የቁንጫ ገበያው ሻጭ የለበትም፤ በሰንበት መጽሔቱ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጣው ሽማግሌ የለበትም፤ ጥገና ያስተማረዎት ሰውዬም የለበትም። ማመን ካቃተዎት ጠበቃው «እስከማውቀው» የምትለውን ቃል ጣቱን አድርጎ ያሳይዎታል።

ይፈርሙ። ክፍያው በካርድ ነው፤ ማመልከቻው ውድቅ ቢሆን አይመለስም።