አዋጅ ቁጥር 025.3/2018፦ ስለ ካታሎገሮች ሥልጠናና ስለ ስሞች መብዛት የወጣ

ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ድምፅህን ግን ዝቅ አድርግ፤ ቤተ መጻሕፍት ነው።

ነጋሪቱ በር ላይ ቀርቷል። ጥበቃው "ቦርሳና ከበሮ ወደ ውስጥ አይገባም" ብሎ ጥግ ላይ አስቀምጦ ለአዋጅ ነጋሪው 17 ቁጥር የተጻፈባት ፕላስቲክ ሰጥቶታል። ስለዚህ ይህ አዋጅ በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ላሉ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የተነገረው በሹክሹክታ ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ ለሚል፣ 025.3 ዴዊ በሚባለው የመጻሕፍት አመዳደብ የካታሎግ ሥራ ራሱ የሚገባበት ቁጥር ነው። አዋጁ ቢጠፋ የት እንደሚፈለግ ከወዲሁ እንዲታወቅ ታስቦ ነው።

መግቢያ

የአንግሎ አሜሪካን የካታሎግ ደንብ ሁለተኛ እትም ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቃል ሁሉ እየተቆረጠ እንዲጻፍ ሲያዝ ኖሮ፣ በ2010 አር.ዲ.ኤ. በሚባልና ቃል ሁሉ ተዘርግቶ እንዲጻፍ በሚያዝ ደንብ የተተካ በመሆኑ፤

የአሜሪካው ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አዲሱን ደንብ ሥራ ላይ ያዋለው መጋቢት 22 ቀን 2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ በእነሱ ዘንድ ፋሲካ፣ እዚህ ግን የመጻጉዕ እሑድ በመሆኑ፣ የእኛም ካታሎገር እንደ መጻጉዕ በመጠመቂያው ዳር ተቀምጦ ወደ ውሃው የሚያወርደውን አሠልጣኝ ሲጠብቅ የኖረ በመሆኑ፤

ደንቡ የሚነበብበት ድረ ገጽ በዓመታዊ ክፍያ የሚከፈት፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ የሚፈጸም ሆኖ ሳለ፣ ገና ያልተነበበው ደንብ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተሻሽሎ እንደገና የወጣ በመሆኑ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የስም አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። በካታሎጉ ውስጥ ግን በዚህ ስም ቢፈለግ አይገኝም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜና የተፈጻሚነት ወሰን

"ሥልጠና" ማለት ባነር፣ ፎልደር፣ እስክሪብቶ፣ ሁለት የሻይ እረፍትና አንድ የቡድን ፎቶ ያለው ማንኛውም ስብሰባ ሲሆን ትምህርትንም ሊጨምር ይችላል። "የልምድ ልውውጥ" ማለት ያው ስብሰባ በአውቶቡስ ሲሆን ነው። "ሲስተም የለም" ማለት ከመብራት፣ ከኔትወርክ፣ ከሰርቨርና ከባለሙያው አንዱ የለም ማለት ነው፤ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ክልክል ነው።

በደምበል ሐይቅ፣ በቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ባለው የደብረ ጽዮን ገዳም የሚገኙ ብራናዎች ከአዋጁ ነጻ ናቸው። በዮዲት ዘመን ከአክሱም በሸሹ ካህናት ተይዘው መጡ እየተባለ የሚተረክላቸው መጻሕፍት ያለ ባርኮድ እስከዛሬ ደርሰዋል። ከዚህ በኋላ ባርኮድ ይለጠፍባቸው ብሎ የሚከራከር ቢኖር ጀልባው ላይ ይከራከር።

አንቀጽ 3፦ ስለ ሥልጠና ቦታ

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ሞቅ ባለ አየሯና በሆቴሎቿ ብዛት የአገሪቱ የስብሰባ አዳራሽ ከሆነች ቆይታለች። የአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት ሥራ ሲበዛበት ሠራተኛውን ሰብስቦ ወደ አዳማ ይወርዳል። ችግሩ እዚያው አዳማ የሚኖረው ካታሎገር ነው። ሥልጠናው በሰፈሩ ሆቴል ከሆነ አበል የለውም፤ በባጃጅ ሄዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ በባጃጅ ይመለሳል። ስለዚህ የአዳማው ለመሠልጠን ወደ ቢሾፍቱ ይሄዳል፣ የቢሾፍቱው ወደ አዳማ ይመጣል፤ ሁለቱ ሚኒባሶች ሞጆ ላይ ይተላለፋሉ።

ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም ሞጆ ላይ ይወርዳሉ። ቡና ይጠጣሉ። አንዱ ለሌላው የሚያውቀውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነግረዋል። አበላቸው አይነካም። (ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ባትገባ ኖሮ አዋጁን የሚፈርም አይገኝም ነበር።)

ካታሎግ መሥራት ካርድ መሙላት ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ አዋጁ ከአዳማ በስተሰሜን ወዳለችው ሸንኮራ እንዲመለከት ያዛል። እዚያ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1968 ዓ.ም. በጥይት ቆስለው ከተሽከርካሪ ወንበር ጋር የቀሩ ሰው ነበሩ። ከአገር ከወጡ በኋላ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል ተቀምጠው በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎችን አንድ በአንድ ሲመዘግቡ ኖሩ። የብራናዎቹ ቁጥር ወደ 9000 ይደርሳል። በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። የፊልሙ ጥቅልል ሲሽከረከር አንባቢው ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ቢያይ አይፈረድበትም፤ የእሳቸው ካታሎግ ግን በኅዳጉ ላይ የተጫረውን የርስትና የስጦታ ማስታወሻ ሳይቀር ይነግራል። ለዚህ ሁሉ ባነር አልተሰቀለም።

አንቀጽ 4

በመደርደሪያው ላይ አልተገኘም። ሲስተሙ "አለ" ይላል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሰዎች ስም

ይህ የአዋጁ እምብርት ስለሆነ ማንቀላፋት አይቻልም።

አንድ ተማሪ በአዳማ አንድ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የ"ፍቅር እስከ መቃብር"ን ደራሲ የሐዲስ ዓለማየሁን ስም ይጽፋል። ኮምፒውተሩ "ምንም አልተገኘም" ይለዋል። መጽሐፉ ከጀርባው፣ ክንዱን ቢዘረጋ በሚነካው መደርደሪያ ላይ አለ። ጥፋቱ የተማሪውም የመጽሐፉም አይደለም፤ የሞክሼ ፊደላት ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ልትሆን ትችላለች፤ ስድስት። "ስ" በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ፤ ሁለት። ስለዚህ "ሐዲስ" ብቻውን በ12 ዓይነት ይጻፋል። "ዓለማየሁ" በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ ይጀምራል፤ መጨረሻው ሁ፣ ሑ ወይም ኁ ነው፤ እሱም 12። አሥራ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት፣ 144። አንድ ደራሲ፣ አንድ መቶ አርባ አራት ሰው! ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በላቲን ፊደል፣ ከላይ ጭረት ከታች ነጥብ እየጨመረ የሚጽፈው 145ኛው ነው።

ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ሞክሼ የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ትክክልም አድርጓል። ኮሃ የሚባለውና ብዙ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀበሉት ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. መባቻ በኒውዚላንድ ሥራ የጀመረ ነው። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ "ስጦታ" ማለት ነው። የስጦታ ፈረስ ጥርሱ አይታይም ይባላል፤ ፊደሉ ግን መታየት ነበረበት። የሀንና የሐን ዝምድና ኒውዚላንድ ውስጥ ማን ይነግረዋል? ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ቆጥሮ እንዲፈልግ በቅንብሩ ማዘዝ ይቻላል። የሚያዘው ግን ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለውን ትምህርት ይዞ የሚመጣ የውጭ አሠልጣኝ የለም።

የኢትዮጵያዊ ስም መገልበጥም ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው። ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን የየአገሩን የስም ልማድ በዘረዘረበት መመሪያው ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም እንዲገባ ካሰፈረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሆኖም የጥቅስ ማውጫ ሶፍትዌሮች እስከዛሬ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው ወደ ፊት ያመጡታል፤ ልጅ ጽፎ አባት ይጠቀሳል። አንድ የምርምር ጽሑፍ አምስት ኢትዮጵያውያን ቢጠቅስ፣ በማጣቀሻው ገጽ ላይ የሚሰበሰቡት አምስት አባቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ስለ ጉዳዩ ሰምተው አያውቁም።

አንቀጽ 6፦ ስለ ከተሞችና ስለ ተቋማት ስም

በካታሎግ ሥራ ውስጥ "እዚህ ካጣህ እዚያ ተመልከት" የሚባል ማመላከቻ አለ። ይህን ሕግ ያለ ሥልጠና የሚፈጽመው የሚኒባስ ረዳት ነው። በመናኸሪያ "አዳማ! ናዝሬት! አዳማ ናዝሬት!" እያለ ሲጮህ አሮጌውን ስም የሚያውቁትንም አዲሱን የሚያውቁትንም በአንድ ትንፋሽ ያሳፍራል። ከተማዋ በ2000 እ.ኤ.አ. በይፋ አዳማ ብትሆንም እሱ ማንንም መንገድ ላይ አልጣለም። "ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ" ሲልም፣ "ዝዋይ ባቱ" ሲልም እንዲሁ። ስለዚህ ረዳቱ ለካታሎግ ክፍሉ የክብር አማካሪ ሆኖ ተሹሟል። አበል አይጠይቅም፤ ሒሳብ ይቀበላል እንጂ።

በተቋም ስም ላይ ግን ረዳቱም ትንፋሽ ያጥረዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. ናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ተቋም ቀጥሎ የቴክኒክ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተባለ፤ በ2006 አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በካታሎግ ደንብ አራቱም ስሞች የየራሳቸውን መዝገብ ይዘው "ቀድሞ"ና "በኋላ" እየተባባሉ ይያያዛሉ። በሦስተኛው ስም የታተመ የመመረቂያ ጽሑፍ ወደ አራተኛው አይዛወርም። አንድ ግቢ፣ አንድ በር፣ አራት ደራሲ። ስም ለመቀየር ያሰበ ማንኛውም የበላይ አካል፣ ቀድሞ አንድ ቀን ካታሎገሯ አጠገብ ወንበር ስቦ እንዲቀመጥ በዚህ አዋጅ ተደንግጓል።

አንቀጽ 7፦ "እና ሌሎች" ስለ መሻሩ

በአሮጌው ደንብ ደራሲዎች ከሦስት ከበለጡ የመጀመሪያው ብቻ ተጠርቶ የቀሩት "እና ሌሎች" በሚባል የጋራ መቃብር ይገቡ ነበር። ሰባት መምህራን አንድ ሞጁል ቢጽፉ ስድስቱ ለደረጃ ዕድገት ሲያመለክቱ ካታሎጉ አያውቃቸውም። አዲሱ ደንብ ሁሉንም መጥራት ፈቅዷል። ሰባተኛው ሰው በእርግጥ ጽፏል ወይስ ሻይ አፍልቷል የሚለውን መመርመር ግን የካታሎገሯ ሥልጣን አይደለም።

አንቀጽ 8፦ መጽሐፍ መጽሐፍ ስለ መሆኑ

አር.ዲ.ኤ. በእጅ የያዙት ነገር መጽሐፍ መሆኑን በሦስት መስክ እንዲያረጋግጡ ይጠይቃል፤ ይዘቱ ጽሑፍ ነው፣ ያለ መሣሪያ ይነበባል፣ ተሸካሚው ጥራዝ ነው። ሞኝነት ይመስላል። ግን "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ውሰዱ። በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተረከው፤ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ሰው "አንብቤዋለሁ" ሲል ስንቱ በጆሮው እንዳነበበው ማን ያውቃል? አዲሱ ደንብ እነዚህን ሁሉ የአንድ ሥራ ልዩ ልዩ ገጽታዎች አድርጎ በአንድ ጥላ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ለዚህ ለዚህስ ደንቡ ይመስገን።

ዓመቱ ላይ ሲደረስ ግን ምስጋናው ይቀንሳል። 1958 ዓ.ም. በፈረንጅ 1965 ነው ወይስ 1966? ከታኅሣሥ 23 በፊት ከታተመ አንዱ፣ በኋላ ከሆነ ሌላው። መጽሐፉ ወሩን ካልነገረ ካታሎገሯ በቅንፍ ሁለቱንም ትጽፋለች፤ መጽሐፉም ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወለድ ይኖራል።

አንቀጽ 9፦ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ ስለ መሄድ

በዴዊ አመዳደብ አማርኛ 492.87፣ ኦሮምኛ 493.55 ነው። በመካከላቸው 493.1 ላይ የጥንቱ ግብጽኛ ቆሟል፤ አለፍ ሲሉ ኮፕቲክና በርበርኛ አሉ። አዳማ ገበያ አንዲት እናት ቲማቲም ሲመዝኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል የሚሻገሩትን ድንበር፣ በመደርደሪያው ላይ ለመሻገር በካይሮ ማለፍ ግድ ነው። ቪዛ አያስፈልግም።

በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ስለሚከበረው ኢሬቻ የተጻፈ መጽሐፍስ? ከበዓላት ጋር 394.26 ይግባ ወይስ ከአፍሪካ ሃይማኖቶች ጋር 299.6? ዴዊ ለክርስትና ከ220 እስከ 280 ሰፊ እርሻ ሰጥቶ ሌላውን ሁሉ 290 ላይ ያፋፈገ ነው። ይህን ሐይቁ ዳር ያደገ ካታሎገር ይወስን፤ ውሳኔውም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

አንቀጽ 4 (ተገኝቷል)

ከምህንድስና መጻሕፍት ጀርባ ወድቆ ነበር። ያገኙት በቅርቡ ጡረታ የሚወጡ የመደርደሪያ ሠራተኛ ናቸው። ያገኙትም አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ወደ ዴስኩ መጥቶ ባነጋገራቸው ዕለት ነው።

"ጋሼ፣ ያ ቀዩ ፊዚክስ አለ?"

"የትኛው ቀይ? ወፍራሙ ነው ጀርባው የተገነጠለው?"

"ወፍራሙ።"

"ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከላይ ሁለተኛው ላይ ታገኘዋለህ። ግን ቀይ እንዳትፈልግ ልጄ፣ ሲጠረዝ ሰማያዊ ሆኗል።"

አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ እኚህ ሰው የሚያውቁት ከሰኔ 30 በፊት ይጻፍ። አሠልጣኝ ተብለው ይመዝገቡ። ባነርም ይሰቀልላቸው፤ በባነሩ ላይ ስማቸው በየትኛው ሀ እንደሚጻፍ ራሳቸው ይጠየቁ።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ነጋሪቱ ከጥበቃው ወጥቶ በመናኸሪያ ከተመታበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። አዋጅ ነጋሪው 17 ቁጥር ፕላስቲኳን ጥሏታል። ጥበቃው ያለ ቁጥር አልሰጥም ብሏል፤ ሁለት ምስክርና የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ይዘህ ሰኞ ና ብሎታል።