ባለይዞታው ቆሮሶ

ሰበታ ሐይቅ የላትም፤ የዓሣ ምርምር ማዕከል ግን አላት። ከጣና እስከ ጫሞ ስንት ውኃ ተንጣሎ ሳለ፣ በቢራዋ በምትታወቀው ከተማችን ኩሬ ተቆፍሮ ጫጩት ይራባል። የዓሣ ጫጩት ነው የምላችሁ። እንዲህ ባለ ከተማ እየኖሩ ሳሎን ውስጥ ዓሣ አለማሳደግ ነውር ነው ብዬ መስታወት አሠራሁና፣ ከአዲስ አበባ በፌስታል ለመጡት ቀያይ ጌጠኛ ዓሦች አንድ ቆሮሶ ጎረቤት ጨመርኩላቸው። ልጆቹ ገና በመጣበት ሳምንት «ጋሼ» አሉት።

ቆሮሶን ጥብሱን ብቻ የሚያውቅ ሰው የዋህ ይመስለዋል። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ግን ሲክሊድ ከሚባለው ወገን ነው፤ የደቡብ አሜሪካው ኦስካርና የማላዊ ሐይቅ ባለቀለም ዓሦች የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። የዚህ ወገን ጠብ ደግሞ በአብዛኛው የመሬት ጠብ ነው። ወንዱ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ይቆፍራል፣ እዚያ ላይ ተገትሮ ሴት ይጠብቃል፣ ያለፈ ያገደመውን ያባርራል። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ፣ ከምግብ ታቅባ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። አባትየውስ? ይዞታው ላይ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ አንድ ጥግ ያዘ። ቀጥሎ ጥጉን የሚያዋስነውን ድንጋይ፣ ከዚያ የሸክላውን ስባሪ ጠቀለለ። ቀያዮቹ ጅራታቸው ተቦጫጭቆ ከማጣሪያው ጀርባ ተሸጎጡ፤ ኪራይ እንዳለፈባቸው ተከራዮች ድምፃቸውን አጥፍተው ይኖራሉ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የኖረ ሰው ይህ አይደንቀውም። በእኛ ሰፈር አጥር ሌሊት ሌሊት ይራመዳል፤ የጨረቃ ቤትም በአንድ አዳር ይበቅላል።

መላ አለው፤ ድንጋዩን ሁሉ አንስቶ ቦታ ማቀያየር። ዓሣው የወሰን ምልክቱ ሲጠፋበት ግዛቱም ይጠፋበታል። እኔም እጄን እስከ ክርን አጥልቄ የ1967ቱን የመሬትና የትርፍ ቤት አዋጆች መስታወት ውስጥ ደገምኳቸው፤ የሸክላውን ስባሪ በትርፍ ቤትነት ወረስኩበት። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ግራ ተጋብቶ ከቀያዮቹ ጋር በእኩልነት ዋኘ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ካርታ አወጣ።

ሱሉልታ ያለው ወንድሜ ከዚሁ ዘር አንድ ወሰደና «የአንተው ጉልበተኛ እኔ ቤት መንኗል» ብሎ ደወለልኝ። አይመንን! ቆሮሶ የቆላ ውኃ ልጅ ነው፤ ወደ 16 ዲግሪ ገደማ ሲወርድበት መብላት ያቆማል፣ ጠቡንም ይተዋል። ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ማን ከማን ይጣላል? ማሞቂያ ተገዛለት። መብራት ሲጠፋ መስታወቱን ጋቢ ያለብሱታል። መብራት ሲመጣ ዓሣው ከነዱላው ይመለሳል።

ቡራዩ ያለችው እህቴ ደግሞ፣ የገፈርሳ ግድብ አፍንጫዋ ሥር ሆኖ፣ ቧንቧዋ በፈረቃ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ውጭ አገር ይህን የሚያረክስ ጠብታ በገንዘብ ይገዛል፤ የእህቴ ውኃ ግን ክፍት በርሜል ውስጥ ተጠራቅሞ ስለሚያድር ክሎሪኑ በራሱ ጊዜ ተንኖ ይሄዳል። በውኃ ፈረቃ የተጠቀመ የቡራዩ ነዋሪ ቢኖር የእሷ ዓሣ ብቻ ነው።

እናንተም ካማራችሁ መስታወቱን ሰፋ አድርጉት፤ ቆሮሶ ከተመቸው ግማሽ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጎረቤት አታምጡበት። ለጾም ዱለት አስባችሁት ከሆነ ደግሞ ስም አታውጡለት። የእኛው «ጋሼ» ከተባለ ወዲህ ቢላዋ የሚያነሳበት ጠፍቷል።