የዘፈን ዘር ቆጣሪዎች

ቦምቤ ላይ አዲስ የወላይታ ዘፈን ሲከፈት ቀድሞ የሚነሣው ወገብ ነው። ነውር ነው! ዳኞቹ ሳይፈቅዱ ወገብ በምን ሥልጣኑ ይንቀሳቀሳል? በቅድሚያ ኪቦርዱ ይመርመር፤ ጊታሩ መታወቂያ ይጠየቅ፤ ምቱም እንደ ሙሽራ ሰባት ቤት ይቆጠርለት። «ይሄማ ወላይታ አይደለም፤ ቀላቅለውበታል» የሚል ፍርድ ከተሰጠ ጨፋሪው ላቡን ጠርጎ ይቀመጥ።

ደግነቱ ዘር ቆጣሪዎቻችን ብቻቸውን አይደሉም። በፈረንጅ አገርም «እውነተኛው ፐንክ የቱ ነው?» እያሉ የሚያነጉ አሉ። ፐንክ ሕግ አልገዛም ብሎ የተነሣ ሙዚቃ ነውና ሕግ አስከባሪ ቢበዛለት አይፈረድም። የለንደኑ የፐንክ ባንድ ዘ ክላሽ እ.ኤ.አ. በ1977 ገና በመጀመሪያ አልበሙ የጃማይካ ሬጌ ሲጫወት የሚያስቆመው ጠፋ። መዘዙ እኛ ዘንድ ደረሰ። በ1979 የተመሠረተው የሆላንዱ የፐንክ ባንድ ዘ ኤክስ ለ25ኛ ዓመት በዓሉ የሽለላ ሙዚቀኛውን ጌታቸው መኩሪያን አምስተርዳም ጠራቸው። እሳቸውም ይባስ ብለው አብረን እንቅረጽ አሉ፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለው አልበም ወጣ። የፐንኮቹ ጠባቂ «ሽለላ በዛበት» ቢል፣ የእኛው ደግሞ «ጩኸት በዛበት» ቢል ሁለቱም ልክ ናቸው። ጥፋቱ ደስ ብሎት የሰማው ሕዝብ ነው። ለነገሩ ጌታቸው ከጥንቱም ንጹሕ አልነበሩም፤ ያባቶችን ሽለላ የሚነፉት ቤልጅጋዊ በፈለሰፈው ሳክስፎን ነበር።

ሕጉ ከጸና ለሁሉም ይጽና። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች ከነጡሩንባቸው ይመለሱ፤ ዘመናዊ ሙዚቃችንም ይከተላቸው። የሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ለሁለት ይሰንጠቅ፦ «ኢትዮ»ው እዚህ ይቅር፣ «ጃዙ» አሜሪካ ይግባ። ክትፎው አጠገብ ያለው ዳጣም ይነሣ፤ በርበሬው የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው።

አንድ ጉዳይ ግን ዳኞቹን ሲያሳስባቸው አይታይም። አዲስ አበባ ላይ ስንቱ የአማርኛ ዘፋኝ የወላይታን ምት ተውሶ ሠርግ ሲያደምቅ ኖሯል! ያኔ «ባህላችን አገር አዳረሰ» ብለን አጨበጨብን። ኬላው የሚፈትሸው ገቢውን ብቻ ነው ማለት ነው። ሲወጣ ኩራት፣ ሲገባ ብክለት።

እንግዲህ ለክቡራን ዳኞች የማቀርበው አንድ ትሁት ጥያቄ ነው፦ ዘፈን ንጹሕ የነበረበትን ዓመት ይንገሩን፤ ሁላችንም ወደዚያው እንመለሳለን። ሃምሳ የሞላው ዳኛ አንድ ዓመት ይጠራል፤ አርባ የሞላው ሌላ። ሲሰላ ሁሉም ዳኛ የጠራው እሱ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላበትን ነው። ያን ጊዜ የሰማው ካሴት ውስጥ ኪቦርድ ነበረ፤ አባቱም በዚያው ካሴት «ዘፈንማ ድሮ ቀረ» እያሉ ያማርሩ ነበር።