ሸሚዙን ያወለቀው ሰውዬ ያመጣብኝ ጣጣ

አንቶኒዮ ብራውን የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች በጃንዋሪ ብርድ፣ ጨዋታው ሳያልቅ፣ ማልያውን አወለቀ። የትከሻ መከላከያውን ጣለ፤ የውስጥ ካናቴራውንም ወደ ተመልካቹ ወረወረና ራቁት ደረቱን ለኒው ጀርሲ ሰማይ ሰጥቶ፣ እጁን እያውለበለበ ከሜዳ ወጣ። ቡድኑ ታምፓ ቤይ ከኒው ዮርክ ጄትስ ጋር የተገናኘበት ጨዋታ ነበር፤ እሑድ ጃንዋሪ 2 ቀን 2022። (በዚህ ወግ ውስጥ ቀኑንም ዓመቱንም የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ አገሩ የእነሱ ነውና።) እኔ ቤቴ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ እስቃለሁ። ባለቤቴ «ይሄ ሰውዬ እናት የለውም እንዴ? ብርድ ይመታዋል እኮ!» አለች። ብርዱ የመታው ግን እሱን ሳይሆን እኔን ነው፤ ያውም በማግስቱ።

ሰኞ ጠዋት አካባቢያችንን በረዶ ዋጠው። ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ተራ ይዤ ስጠብቅ፣ ወደ ሪችመንድ የሚሄድ በረራ የተሰረዘባቸው ሦስት መንገደኞች መጡ። እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ ሂሳብ ተካፍለን እንሂድ ብለው እዚያው የተስማሙ ናቸው። በደህና ቀን ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው። ዋጋ ቆርጠን ሻንጣቸውን ጫንኩ።

ፊት የተቀመጡት ከሰባ ያለፉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ብርቱካናማ ኮፍያ የደፉ። ከኋላቸው ጡረታ የወጡ የሚሲሲፒ መምህርት አሉ፤ እሳቸው የጃክሰን ስቴት ምሩቅ ናቸው። ከጎናቸው ደግሞ ቀይ ሹራብ የለበሰ፣ ጢሙ በቅጡ ያልሞላ የአላባማ ጎረምሳ። ሳምንት አላባማ ከጆርጂያ ጋር ለዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ስለሚጫወት የልጁ ወሬ ሁሉ እሱ ነው።

ሬዲዮ የከፈትኩት የመንገዱን ነገር ልስማ ብዬ ነበር። ሬዲዮው ግን ስለ ብራውን ደረት ያወራል። ሽማግሌው «ለመሆኑ ይህን ሰው ያወጣው የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው?» አሉ። ልጁ «ሴንትራል ሚሺጋን። በ2010 ድራፍት 195ኛ ነው የተመረጠው» ብሎ መለሰ፤ ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ «አላባማ ቢሆን ኖሮ ሥርዓት ያስተምሩት ነበር» ሲል ጨመረበት። አለቀ! ከዚያች ቃል በኋላ መኪናዬ ውስጥ ሰላም አልነበረም።

ለአንባቢዬ ነገሩን ላስረዳ። አሜሪካኖች የፉትቦል ተጫዋቾቻቸውን ከሰፈር ሜዳ አይለቅሙም። የፕሮፌሽናሉ ሊግ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይቀበልም። እነዚያን ዓመታት ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነው የሚያሳልፋቸው፤ አንዳንዱ መቶ ሺህ ሰው በሚይዝ ስታዲየም እየተጫወተ። ከዚያ በየፀደዩ ድራፍት ይካሄድና ቡድኖቹ በተራ ይመርጣሉ። የልጁ ስም ሲጠራ የዩኒቨርሲቲው ስም አብሮ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚለያያቸው የለም። እኛ ዘንድ መንግሥቱ ወርቁን ወይም ሳላዲን ሰኢድን የትኛው ዩኒቨርሲቲ አፈራቸው ብሎ የተጣላ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ጠባችን የጊዮርጊስና የቡና ነው፤ ከዚያ ካለፈም የሰፈር። እዚህ ግን ኳስ ነክቶ የማያውቅ የጥርስ ሐኪም፣ እሱ በተማረበት ግቢ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ በሮጠ ሰው ደረቱን ይነፋል። መጀመሪያ ይህ ነገር በጣም ያስቀኝ ነበር፤ አሁንም ትንሽ ትንሽ ያስቀኛል።

ስታፎርድ ስንደርስ የፊቱ መኪና የፍሬን መብራት በራ፤ በርቶም ቀረ። ኋላ እንደተነገረው፣ በረዶው የጀመረው በዝናብ ስለነበር መንገዱን አስቀድሞ ጨው ማልበስ አልተቻለም፤ ዝናቡ ያጥበዋላ። ከዚያ ዝናቡ በረዶ ሆነ፤ ትሬይለሮቹ እየተንሸራተቱ መንገዱን ዘጉት፤ ሲመሽም ብርዱ ከዜሮ በታች ወርዶ ያለውን ሁሉ አደረቀው። ከደምፍሪስ እስከ ካርሜል ቸርች፣ 77 ኪሎ ሜትር የሚሆን የናይንቲ ፋይቭ መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ቆመ። እኛም መሀሉ ላይ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጠፋለሁ፣ ስንንቀጠቀጥ አስነሣለሁ። ልጁ የስልኩን ባትሪ እያየ ያለቅሳል። ለገና አራት ቀን ቀርቷል፤ እኔ ጾመኛ ነኝ። መምህርቷ ከቦርሳቸው የዶሮ ሳንድዊች አውጥተው ቆርሰው ሲሰጡኝ እምቢ አልኩ፤ ተቀየሙኝ። ስለ ነቢያት ጾም በረዶ መሀል ቆሞ ለባፕቲስት መምህርት ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያስታረቀን የባለቤቴ ገብስ ቆሎ ነው፤ ሁልጊዜ ከመኪናው ኪስ አይጠፋም። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ፈርተው መጀመሪያ አንድ አንድ ፍሬ ይመጥጡ ነበር፤ በኋላ ግን እፍኝ ሙሉ ነው የሚዘግኑት።

ክርክሩ የተጧጧፈው ያኔ ነው። ሽማግሌው ጂም ብራውንን አመጡ። በክሊቭላንድ ዘጠኝ ዓመት ተጫውቶ በስምንቱ ከሊጉ ሯጮች ሁሉ አንደኛ የሆነ፤ 12,312 ያርድ ሮጦ፣ ገና ሠላሳ ዓመቱ ላይ፣ እንግሊዝ አገር ፊልም ሲሠራ «በቃኝ» ያለ ሰው። «ሲራክዩስ እያለ በ1956 ኮልጌትን በገጠመበት ጨዋታ ብቻውን 43 ነጥብ አስቆጥሯል! ብቻውን!» እያሉ ዳሽቦርዴን ይደበድባሉ። ቀጥለው ኤርኒ ዴቪስን አነሡ፤ በ1961 የዓመቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች የሚሸለመውን የሃይስማን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች። በድራፍት አንደኛ ተመርጦ፣ አንድም የፕሮፌሽናል ጨዋታ ሳይጫወት በ1963 የደም ካንሰር ቀጠፈው። እዚህ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ልጁም ለአፍታ ስልኩን አስቀመጠ።

ለአፍታ ነው ታዲያ። ወዲያው የአላባማን ሰዎች መደርደር ያዘ፤ ዶን ሃትሰን፣ ጆን ሃና፣ ዴሪክ ሄንሪ። ከሁሉም በላይ ባርት ስታር፤ በ1956 ድራፍት 200ኛ ተመርጦ ግሪን ቤይን ለአምስት ሻምፒዮናዎች ያበቃ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሱፐር ቦውሎች ጨምሮ። «ሁለት መቶኛ!» ይላል ልጁ፤ ራሱ የመረጠው ይመስል። ሽማግሌው «ታዲያ ቶም ብሬዲስ 199ኛ አይደል? ሚሺጋን ሰባት ሱፐር ቦውል አለው ማለት ነው?» ቢሉት፣ የአንድን ሰው ድል ለዩኒቨርሲቲ መስጠት አይገባም ብሎ ተሟገተ። ከአንድ ደቂቃ በፊት እሱ ራሱ ያደረገውን ማለት ነው። የኳስ ወዳጅ በየትም አገር ያው ነው።

መምህርቷ ቆሏቸውን እየቆረጠሙ ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ ተማሪ እንደሚጠይቅ መምህር፣ «ልጄ፣ በሴፕቴምበር 1970 በርሚንግሃም ላይ ምን እንደተፈጠረ ታውቃለህ?» አሉት። ልጁ ያውቃል፤ ግን ሳይነገር እንዲያልፍ ፈልጎ ነበር። ደቡብ ካሊፎርኒያ ጥቁር ተጫዋቾቹን ይዞ መጥቶ፣ ሜዳ ላይ አንድም ጥቁር ያላሰለፈውን አላባማን 42 ለ 21 ደበደበው፤ ሳም ኩኒንግሃም የተባለ ጥቁር ጎረምሳ ብቻውን 135 ያርድ ሮጠ። «በማግስቱ ዓመት ዋልተር ፔይተን እኛ ጋ ገባ፤ ወንድሙም እኛው ጋ ነበር» አሉ መምህርቷ። «የምትኮሩባቸው የደቡብ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ገርበብ ያደረጉት ገና ያኔ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ልጅ የት ይሂድ?» ፔይተን ለቺካጎ 16,726 ያርድ ሮጠ፤ በ1999 ሞተ። እሳቸው ጃክሰን ውስጥ ሲሮጥ በዓይናቸው አይተውታል። ሰው ጥሎ እንደሚያልፍ ሊያሳዩን ክርናቸውን ሲወረውሩ የልጁን ቆሎ ወንበሩ ላይ በተኑት።

ጄሪ ራይስንም ጨመሩ፤ እሱ እንኳ የጎረቤታቸው የሚሲሲፒ ቫሊ ስቴት ነው፤ ለራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ብቻ አላዳሉም። የግንበኛ ልጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ እያለ ከክፍል ሲፎርፍ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደረሰበት፤ ደንግጦ ሲፈተለክ ፍጥነቱን ያየው ኃላፊ ከቅጣቱ ጋር ለፉትቦል አሠልጣኙ አስረከበው። ኢታ ቤና በምትባል ትንሽ ከተማ ተጫውቶ፣ በ1985 ሳን ፍራንሲስኮ 16ኛ ላይ መረጠው፤ 22,895 ያርድ ተቀብሎ ወጣ። እስካሁን የደረሰበት የለም።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ክርክሩ ደከመ፤ ግን ማንም አልተረታም። ያኔ ነው ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «ሾፌር፣ አንተ ከሩቅ አገር የመጣህ ገለልተኛ ሰው ነህ። ፍረድ» ያሉት። ሌሎቹም ተስማሙ። በአገራችን ድሮ ሁለት ተሟጋቾች በነጠላ ተቆራኝተው መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ዳኛ ሁነን ይሉት ነበር። እምቢ ማለት ነውር ነበር። የእኔዎቹን ያቆራኛቸው በረዶ ነው እንጂ ነገሩ አንድ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

በእርግጥ ገለልተኛ አልነበርኩም። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዳ ሰው ዳግ ዊልያምስን ሳይሰማ አይቀርም። በጆርጂያ አቬኑ የጫንኳቸው ጥቁር ሽማግሌዎች ሁሉ እሱን እየተረኩልኝ ነው ፉትቦልን ያስተማሩኝ። በጃንዋሪ 1988 ሱፐር ቦውል ላይ ዋሽንግተን ዴንቨርን 42 ለ 10 ሲያሸንፍ፣ በሁለተኛው ሩብ ብቻ አራት ተችዳውን ወርውሮ፣ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ (ጨዋታውን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ሆነ። ይህ የሆነው ጥቁር ተጫዋች በማሰለፍ ከሊጉ ሁሉ የመጨረሻ በሆነው፣ እስከ 1962 ድረስ አሻፈረኝ ባለው ክለብ ነው። ዊልያምስን ያፈራው ግራምብሊንግ ነው፤ ሉዊዚያና ውስጥ ያለ ትንሽ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ። አሠልጣኙ ኤዲ ሮቢንሰን ከ1941 ጀምረው እስከ 1997 እዚያው ቆይተው 408 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ከ200 በላይ ተጫዋች ለፕሮፌሽናል ሊግ አብቅተዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ሜዳ!

ፍርዴን እንዲህ ብዬ ሰጠሁ። ጂም ብራውን ሲራክዩስ የገባው ያለ ስኮላርሺፕ ነው፤ የከፈሉለት ያደገባት የማንሃሴት ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው አምኖበት አልነበረም። ታላቁን ኳርተርባክ ጆኒ ዩናይተስን ኖትር ዳም ቀጫጫ ነህ ብሎ መልሶታል፤ የወሰደው ሉዊቪል ነው። ስታርንም ብሬዲንም ዩኒቨርሲቲዎቻቸው እስከ መጨረሻው አላመኗቸውም፤ ለዚህ ነው እስከ ሁለት መቶኛ የወረዱት። የግራምብሊንግንና የጃክሰን ስቴትን ሜዳ ለዚያ ሁሉ ዓመት በጎበዝ የሞላው የደቡብ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች እምቢታ ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ሰዎች ግማሹን ያፈሩት እምቢ ያሏቸው ናቸው፤ ሥራው የማን እንደሆነ ከተጠየቅሁ ለራሳቸው፣ ለእናቶቻቸውና ለኤዲ ሮቢንሰን ፈርጃለሁ።

ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ልጁ «ቆይ፣ ብዙ ሰው እምቢ ያለው አላባማ አይደል? እንግዲያው አላባማ አሸነፈ ማለት ነው!» አለ። መምህርቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሽማግሌው ይግባኝ ጠየቁ። የሚጠየቅበት ዳኛ ግን በሃምሳ መኪና ርቀት ያለው ትሬይለር ነጂ ብቻ ስለነበር እዚያው ቀረ።

ሲነጋ ስልክ የቀረለት የሽማግሌው ብቻ ነበር፤ ዜናውን እያነበቡ ያስጎመጁናል። ከሪችመንድ ወደ ዋሽንግተን የተነሡት ሴናተር ቲም ኬይን እንደ እኛው ታግተዋል፤ ከፍሎሪዳ የሚመለስ ቤተሰብ ብርቱካን ሰጣቸው። በመጨረሻ ጉዟቸው 27 ሰዓት ፈጀ። ሌላ ቦታ የዳቦ መኪና ቆሞ በሩን ከፍቶ ለሰው ሁሉ ዳቦ አደለ። ከእኛ ጎን ቆሞ የነበረው የምን መኪና እንደሆነ ብትጠይቁኝ፣ የቢሮ ወንበር የጫነ ነው።

ሪችመንድ የገባነው ማክሰኞ ነው። ሽማግሌውና መምህርቷ የቆረጥነው ዋጋ ላይ ለሌሊቱ ጨምረው፣ ጉርሻም አክለው፣ ስልክ ተለዋወጡ። መምህርቷ በዲሴምበር ከመላ አገሪቱ አንደኛ የተባለው ወጣት ትራቪስ ሃንተር ፍሎሪዳ ስቴትን ትቶ ጃክሰን ስቴትን መምረጡን ለሽማግሌው ሳይነግሩ አልወረዱም። ልጁ ግን ለሌሊቱ አልከፍልም አለ፤ ውል ውል ነው፣ በረዶው የእኔ ጥፋት አይደለም ብሎ። ስንጨቃጨቅ ቆየንና በመጨረሻ እሱ ራሱ ሐሳብ አመጣ። ሰኞ አላባማ ካሸነፈ ዕዳው ይቀራል፤ ከተሸነፈ የሌሊቱን ድርሻውን በስልክ ይልካል።

ጃንዋሪ 10 ቀን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ጆርጂያ 33 ለ 18 አሸነፈ፤ ከ1980 ወዲህ የመጀመሪያ ዋንጫው ነው። ኳርተርባኩ ስቴትሰን ቤኔት መጀመሪያ ጆርጂያ ሲገባ ስኮላርሺፕ ያልነበረው ልጅ ነው። ገና ተፈስኮ፣ ዶሮው አልቆ፣ አጥንቱ ብቻ በቀረበት ቤት ብቻዬን ተነሥቼ ጨፈርኩ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ገንዘቡ ገብቷል። ከሥሩም አንዲት መልእክት ነበረች፤ «ይግባኝ ብያለሁ።»