አፍ ላለው አሥር፣ ብዕር ላለው ዜሮ

ዕድሜ ደጉ ስንቱን ያሳየናል! በእኛ ጊዜ በየደቂቃው እጁን የሚያነሳ ልጅ ቀልበ ቢስ ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ነጥብ ያገኛል። የልጄ ልጅ ለክረምት የጀማን ወንዝ ተሻግሮ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ሲመጣ፣ የዩኒቨርሲቲውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ኮርስ አውትላይን በስልኩ አሳየኝ። መነጽሬን ሰክቼ አነበብኩት፦ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ሚድ፣ ፋይናል፤ ከሥር ደግሞ «ተሳትፎ፦ ከመቶ 10»።

«ምን ስትሠራ ነው አሥሩ የሚሰጥህ?»

«ስናገር ነዋ አባባ።»

«ትምህርቱ የጽሑፍ አይደለም እንዴ?»

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ሳቄ አልመጣም።

አካሄዱን ሲነግረኝ ደግሞ ባሰብኝ። አንዱ ተነስቶ የሆነ ነገር ይላል። ሁለተኛው «ጓደኛዬ ባነሳው ሐሳብ ላይ ለመጨመር ያህል» ብሎ ያንኑ ይደግማል። ሦስተኛው «እኔም ከሁለቱ ጋር እስማማለሁ» ብሎ ይቀመጣል። ለሦስቱም ምልክት! ይኼ እኮ የቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ጉድለቱ አበል የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። የቡድን ሥራውማ አይነሳ! አንዷ አምሽታ ትጽፋለች፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ።

የእኛ የመርሐቤቴ ልጅስ? «አዋቂ ፊት አትቀባጥር» ተብሎ ያደገ፣ እንግሊዝኛው ብዕሩ ላይ እንጂ አፉ ላይ የማይቀናው፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አንዲቷን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ሰርዞ የሚጽፍ ልጅ ምን ይሰጠው? ጨዋነቱ ከነጥቡ ይቀነስበት?

በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና ሲመጣ ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ልጅ በአንድ ቀን ፈተና አይፈረድበት ነው። ግን ክፍሉን ሞልቶ ከተረፈ ተማሪ መካከል መምህሩ የማንን ተሳትፎ ያስታውስ? ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስም ዝርዝሩን ዘርግቶ፣ ፊቱ ትዝ ላለው ዘጠኝ፣ ላላለው አምስት ይጥልበታል።

ተሳትፎስ የቅኔ ቤቱ! ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ለብቻው ዞር ብሎ ቅኔውን አስቦ ይቆጥራል፣ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይዘልቃል። እዚያ «እስማማለሁ» ብሎ ቤት የሚሞላ የለም፤ ያልቆጠረ ምኑን ይነግራል? አፈኛውም ዓይን አፋሩም የየራሱን ይዞ ይቀርባል። ያማረለት «ይበል!» ይባላል፤ ያላማረለት ተመልሶ ይቆጥራል።

እናንተ መምህራን፣ አሥሯን ነጥብ አትስጡ አላልኩም። ልጁ የመጀመሪያ ረቂቁን ከታረመው ጋር አያይዞ ያምጣ፤ የጓደኛውን ጽሑፍ ያረመበትን ወረቀት ያሳይ፤ በሴሚስተር አንዴ የራሱን አንቀጽ ቆሞ ያንብብ። ነጥቡን በዚያ ስጡ። ወሬውንማ ማን ከለከላቸው፣ በነፃ ያውሩ!